የእድሩ አራት ማሾዎች

ማሾ መጠገን የጀመርኩት በእልህ ነው። ባለቤቴ አቃቂ ባቡር ጣቢያ ሲሠራ የተጣሉ ማሾዎችን፣ እነዚያን እየተነፉ የሚበሩ ፋኖሶች፣ እየለቀመ ቤት ያመጣ ነበር። መሰብሰቡን ይወዳል እንጂ ትዕግሥት አልነበረውም፤ አንዱን ፈትቶ ሳይገጥመው ወደ ሌላው ይሄዳል። ሲሞት ሰባት ማሾ፣ አንድ ሳጥን ሙሉ ብሎንና አንድ ልጅ ትቶልኝ ሄደ። ጎረቤቶቼ «ለቆራሌው ስጪና ቤትሽ ይስፋሽ» አሉኝ። አልሰጠሁም። ፋብሪካ የተበጠሰ ክር ስቀጥል የምውል ሴት ማሾ ያቅተኛል እንዴ ብዬ ቁጭ አልኩ።

የመጀመሪያው ሦስት ሳምንት ፈጀብኝ። ነሐሱን በሎሚና በአመድ አሸሁት። የፓምፑ ቆዳ ደርቆ አየር እንደማይዝ የገባኝ ክንዴ እስኪዝል ከነፋሁ በኋላ ነው፤ በለጋ ቅቤ አሽቼ አለሰለስኩት። ጋዙ የሚተፋባትን ቀዳዳ በመርፌ ስጠርግ አስፍቻት ኖሮ፣ ስለኩሰው ነበልባሉ ቅንድቤን ለበለበኝ። ወር ሙሉ በአንድ ቅንድብ ፋብሪካ ገባሁ። በመጨረሻ ግን ሰባቱንም አበራኋቸው። አሁንም ሳወራው ደረቴ ይነፋል፤ ይነፋ።

እድራችንም ለቅሶ ሲኖር ድንኳን ውስጥ የሚሰቀሉ አራት ማሾዎች ነበሩት። መጀመሪያ ማጨስ፣ ቀጥሎ ጭራሽ እምቢ ማለት ጀመሩ። የእድሩ ዳኛ፣ ጡረታ የወጡ የባቡር ነጂ፣ በወሩ ስብሰባ ላይ ለቆራሌ ይሸጡ ብለው ሐሳብ አቀረቡ። እጄን አወጣሁ።

«ለእኔ ይስጡኝ ጋሼ፣ እጠግናቸዋለሁ።»

«አንቺማ ወጥ ቤቱን ያዢልን እህቴ» አሉ። ሰው ሳቀ። ሽያጩ በሚቀጥለው ስብሰባ እንዲጸድቅ ተባለ።

ተቃጠልኩ። የፈለግኩት ማሾዎቹን ማዳን ብቻ አልነበረም፤ ሥራውንም ፈልጌዋለሁ። በእድራችን ድንኳን የሚተክለው፣ ወንበር የሚያመላልሰው፣ መቃብር የሚያስቆፍረው ወንድ ሁሉ በስሙ ይመደባል። እኛ ሴቶች በጅምላ «ወጥ ቤት» ነን።

ወሩ ሳይሞላ አንድ የጣቢያው ዘበኛ አረፉና ድንኳን ተተከለ። ገና ዓይን ያዝ ሲያደርግ መብራት ጠፋ። ዳኛው ቢቸግራቸው ከአራቱ ማሾዎች ሁለቱን አስሞልተው አስነፉ። ማሾዎቹ ጥቁር ጭስ ተፉ፤ ለቀስተኛው እያሳለው ወጣ። እኔ ከድንኳኑ ጀርባ ሽንኩርት እልጣለሁ። ሽታው ሲደርሰኝ ነገሩ ገባኝ። ቢላዋዬን አስቀምጬ ወደ ዳኛው ሄድኩ።

«ጋሼ፣ ምንድን ነው የሞላችሁት?»

«ናፍጣ ነዋ! ሁልጊዜ የምንሞላው እሱን አይደል? ባቡር የጎተተ ነዳጅ ማሾ ያቅተዋል?»

ለካ ያን ሁሉ ዓመት ናፍጣ ሲያጠጧቸው ኖረዋል! የጣቢያው ሰፈር ሰው ናፍጣን እንደ ጠበል ነው የሚያምነው፤ ለምስጡም፣ ለዝገቱም፣ ለቁርጥማቱም ይቀባዋል። ማሾ ግን የሚፈልገው ነጭ ጋዝ ነው።

ቤቴ ሮጬ ከራሴ ሁለቱን አመጣሁ። በጥቂት አልኮል አሞቅኳቸው፣ ነፋሁ፣ ቀስ ብዬ ከፈትኩ። እንደ ሕፃን ካልሲ የምትንጠለጠለው መረብ መጀመሪያ ቀላች፣ ከዚያ ነጣች። ድንኳኑ ቀን መሰለ። የወጣው ሰው እየተመለሰ ቦታውን ያዘ። ሐዘን ቤት ባይሆን ኖሮ እልል እል ነበር። ዳኛው ማሾዎቹን አዩ፣ እኔን አዩ።

በሦስተኛው ቀን ድንኳኑ ሲነሣ አራቱን የእድር ማሾዎች ዳኛው ራሳቸው ተሸክመው ደጃፌ ላይ ቆሙ።

«እንዴት ነው የሚታጠበው?» አሉኝ።

ግቢው ውስጥ በርጩማ ሰጥቼ ማጠቢያ ነጭ ጋዝ አቀረብኩላቸው። ያን ሁሉ አገር በባቡር ያቋረጡ ሰው እጅጌያቸውን ሰብስበው ታንከሩን እያንገጫገጩ «ይኸው፣ ጠራ?» ይሉኛል።

«ገና ነው ጋሼ፣ አንዴ ይድገሙት» አልኩ። ጠርቶ ነበር።

ቀጣዩ ስብሰባ ላይ ሽያጩን ያነሣ ሰው አልነበረም። ጸሐፊው የሥራ ምደባውን ሲያነብ «ማሾ ያዥ» አለና ስሜን ከነአባቴ ጠራ። እኔ ፋብሪካ በቁጥር፣ ሰፈር በልጄ፣ እድር ደግሞ በሟች ባሌ ስጠራ የኖርኩ ሰው ነኝ። የአባቴ ስም በዚያ አዳራሽ ተጠርቶ አያውቅም። እንባዬ ቀደመኝና በነጠላዬ ጫፍ መጥረግ ያዝኩ። ጸሐፊው የቀረሁ መስሎት ብዕሩን አነሣ፤ ደግሞ ጠራ።

«አቤት!» አልኩ፣ ከሚገባው በላይ ጮኼ። ሰው ሁሉ ዞሮ አየኝ። ይየኛ።