ለከባድ ሰው ከባድ ሞላ

ይህን ለነፍስ አባቴም አልነገርኩም፤ ለሚስቴም። በደርግ ጊዜ በየስብሰባው ግለ ሂስ አድርግ እየተባልኩ ስንት ጊዜ ተነስቼ ስንቱን ዘባርቄያለሁ። አርፍጃለሁ ብያለሁ፣ መፈክር ሲባል እጄን አላነሳሁም ብያለሁ። ይቺን ግን ዋጥኳት። አንተ የምታነበው ሰው፣ ማን እንደሆንክ አላውቅም። ባታዝንልኝ ደስ ይለኛል፤ የሚያዝንልኝ ሰው አልወድም።

ናዝሬት፣ ከመናኸሪያው ጀርባ፣ ሞተር ሳይክል እጠግን ነበር። ጎበዝ ነበርኩ። ይህን ስል ማፈር አለብኝ? አላፍርም። ሌላው መካኒክ ለመጣው ሁሉ ያገኘውን ሞላ ሲገጥም፣ እኔ ሰውየውን ሳልመዝን የሞተሩን የፊት እግር አልፈታም ነበር። ሞላ ማለት ከፊት ጎማው በላይ ባሉት ሁለት ቱቦዎች ውስጥ የሚገባው ጥቅልል ሽቦ ነው፤ ጎማው ጉድጓድ ሲገባ ምቱን የሚውጠው እሱ ነው። ለከሲታ ሰው ቀጭን ሽቦ፣ ለወፍራም ሰው ወፍራም ሽቦ። አዲስ ሞላ ከየት ይመጣል? ከሞቱ ሞተሮች የፈታኋቸውን በየውፍረታቸው ለይቼ ግድግዳ ላይ ሰቅያቸዋለሁ። ደንበኛውን ጎረቤቴ ሽንኩርት ነጋዴዋ ጆንያ በምትመዝንበት ሚዛን ላይ ከነጭነቱ አቆመዋለሁ። ገጥሜ ስጨርስ ሞተሩ ላይ አስቀምጠዋለሁ፤ የፊቱ እግር ሁለት ጣት ያህል ዝቅ ካለ ልኩ ነው። ዝቅ ካላለ ግን ጎማው መሬት አይዝም፤ ኮረኮንች ላይ ይዘላል፣ ኩርባ ላይ ያመልጣል። ይህን የማውቅ እኔ ነኝ። አላውቅም ነበር የምልበት ቀዳዳ የለኝም።

ገመዳ የሚባል ድሬሰር ነበር። በመሥሪያ ቤቱ ሞተር ወንጂንም ዓለም ጤና ከተማንም እየዞረ ሕፃናት ይከትባል። ቀጭን፣ ነፋስ የሚወስደው የሚመስል ሰው ነው። የገጠር እናቶች የሱ መርፌ አያምም ይሉ ነበር፤ ሌላ ሰው ሲላክ ልጆቻቸውን ይዘው ይመለሳሉ። የቀበሌያችን የውይይት ክበብ ሰብሳቢም እሱ ነበር። የጠላሁት እዚያ ነው።

አንድ እሑድ ስብሰባው ላይ እንቅልፍ ጣለኝ። አስቀስቅሶ አስነሳኝና «ጓዶች፣ ይህ ሰው ቀላል ሰው ነው» አለ። ተሳቀ። ሳቁስ ይሁን፤ የዘነበች አባት ፊት ወንበር ላይ ተቀምጠው ነበር። ዘነበችን ላገባ ሽማግሌ ልኬ መልስ እየጠበቅሁ ነው። በሳምንቱ ሽማግሌዎቼን ከደጅ መለሷቸው፤ ለቀላል ሰው ልጄን አልድርም ብለው። ከተማው ስሜን ትቶ ቀላሉ ይለኝ ጀመር፤ ጋሪ ነጂው ሳይቀር።

እንዴት እንደጠላሁት ልንገርህ? ስሙ ሲጠራ እህል አይወርድልኝም ነበር። ዛሬም ይህን ስጽፍ ትንሽ እጠላዋለሁ፤ ምን ብዬ እዋሽሃለሁ?

በዓመቱ ሞተሩን እየገፋ መጣ። የፊቱ ሞላ ደክሞ መንገዱ ሁሉ ክንዱን እየነረተው ነው። ሚዛኑ ላይ አቆምኩት፤ ከነክትባት ሳጥኑ ስልሳ ኪሎ አልሞላም። ሽንኩርት ነጋዴዋ አፏ አያርፍም፣ ከኔ ጆንያ አነሰ ብላ ሳቀችበት። ገመዳ አንገቱን ደፋ። መቅለል እሱም አልወደደም፣ አየህ? እጄ ወደ ቀጭኑ ሞላ ሄዶ ነበር። እጄ ልማዱን ያውቃል፤ እጄ አልበደለም። እኔ ነኝ ወደ ወፍራሙ የመለስኩት።

«ለከባድ ሰው ከባድ ሞላ ነው የሚገባው» አልኩ፣ ጮክ ብዬ። እየሰደብኩት ነበር። እሱ ግን ክብር መስሎት ፊቱ በራ።

ገጠምኩለት። ተቀመጠበት፤ የፊቱ እግር የጥፍር ያህል እንኳ አልወረደም። አየሁ። በዓይኔ በብረቱ አየሁ። እሱስ ምን አደረገ? ከሞተሩ ወርዶ እጄን ከነግራሶው ያዘና፣ «ወንድሜ፣ ያን ቀን በድዬሃለሁ። ሰብሳቢ ነው እንዲሉኝ ብዬ ነው። ይቅር በለኝ» አለኝ።

ይቅር ብዬሃለሁ አልኩት። አልኩትና ለቀቅኩት። ቆይ፣ ሞላው ተሳስቷል ማለት ምን ነበረበት? ፈትቶ መግጠም የግማሽ ሰዓት ሥራ ነው። ይቅርታው ራሱ ነው ያናደደኝ። በአደባባይ ሰድቦ በጓዳ ይቅርታ! ዘነበች ለሌላ ተድራለች፤ ይቅርታው ለማን ሊሆን ነው? እንዲህ ብዬ ነው የለቀቅኩት።

ይህን ንዴት በለው። በሳምንቱ ያደረግሁትን ግን ምን ትለዋለህ? ተመልሶ መጣ፤ ጎማው ይዘላል፣ እጄ እስከ ክርኔ እየደነዘዘ ነው አለኝ። ያኔ ንዴቱ በርዶልኛል። ቀጭኑ ሞላ ግድግዳው ላይ ተሰቅሏል። እንደ አዲስ ጫማ ነው፣ ይለመዳል አልኩት። ገለቶሚ ብሎ አመስግኖኝ ሄደ።

ከዓለም ጤና ሲመለስ ኮረኮንቹ ኩርባ ላይ ጣለው። ቀኝ እጁ ተሰባበረ። ተጠገነ ቢባልም ጣቶቹ ታጥፈው ቀሩ፤ መርፌ መያዝ አልቻለም። እንደዚያ የሚወደውን ሥራ ተነጥቆ መዝገብ ቤት ተወሸቀ።

ይህም አልበቃ። የመንግሥት ንብረት በግዴለሽነት ሰበርክ ተባለና በገዛ ክበቡ ፊት፣ እጁ በፋሻ እንደተጠቀለለ፣ ግለ ሂስ አደረገ። ፈጥኜ ነድቻለሁ አለ። አልፈጠነም፤ ኩርባው ላይ ለምን እንዳመለጠው እኔ አውቃለሁ። ከዚያ ሞተሩን የጠገነው ጓድ ይናገር ተባለ። ተነሳሁ።

«ሞተሩ ምንም አልነበረበትም» አልኩ። ተቀመጥኩ።

የወጋ ቢረሳ የተወጋ አይረሳም ይላሉ። የኛ ነገር ተገልብጧል፤ የተወጋው መወጋቱን አያውቅም፣ እኔ ነኝ የማልረሳው። ሞላውን እኔ መረጥኩ። እያወቅሁ መረጥኩ። ተመልሶ ሲመጣ አልቀየርኩለትም። ሲጠይቁኝ ዋሸሁ። ዘመኑ ክፉ ነበር ልበል? ዘመኑ ሞላ አይገጥምም።

ባለፈው ወር ልነግረው ቆርጬ ቤቱ ሄድኩ። ሁለታችንም ሸምግለናል። ገና ሳልቀመጥ የልጅ ልጁን ጠርቶ፣ «እኚህ ሰውዬ ሞተሬን አሳምረው ገጥመውልኝ ነበር፤ እኔው ነኝ ያበላሸሁት» አላት። ልጅቷ ሻይ አቀረበችልን። እሱ ብርጭቆውን በሁለት መዳፉ መሃል አጣብቆ ይጠጣል። እኔም ጠጣሁ። ዘንድሮ ዝናቡ ዘገየ ተባባልንና ወጣሁ።

አሁን አንተን ይቅርታ ልጠይቅህ? አንተን ምን አደረግሁህ? ይቅርታ የምጠይቀውን ሰው ቤቱን አውቀዋለሁ፤ ከደጄ በእግር ሩብ ሰዓት አይፈጅም። ይህን ሁሉ የጻፍኩልህ እዚያ ላለመሄድ ነው።