የሞገስ ለቅሶ

ሸዋዬ ኮሌጅ ገብታ ሳትጨርስ የዕድገት በኅብረት ዘመቻ መጣ። ከዘመቻው ስትመለስ ደግሞ ትዳር መጣ፤ ከዚያ ልጆች፣ ከዚያ የቀበሌ ስብሰባ። እንዲህ እንዲህ ስትል ሠላሳ አምስት ዓመቷን ደፈነች። ያኔ ነው አዋሳ ውስጥ ያለ አንድ ኮሌጅ የቲያትር ትምህርት ከፍቶ፣ ያቋረጡም ቢሆኑ ተፈትነው ይግቡ ያለው። ሴትዮዋ እንቅልፍ አጣች።

ባሏ ሞገስ የጭነት መኪና ሹፌር ነው። ነገሩን ስትነግረው፣ «በዚህ ዕድሜሽ አዝማሪ ልትሆኚ? እኔ በሕይወት እያለሁ አይሆንም!» ብሏት፣ ቁርሱን እንኳ ሳይቀምስ ወደ ሞያሌ ነዳ።

እሷ መች ሰምታ! እሱ በሄደ በሳምንቱ፣ ፈተናው ነገ ሊሆን ዛሬ በማለዳ፣ መናኸሪያ ጀርባ ካለው ቤቷ በሯን ዘግታ ልምምድ ጀመረች። ለፈተናው የደረሳት ድርሻ ባሏ የሞተባት ሴት ሆኖ መጫወት ነበር። እንባው እምቢ ሲላት የሞገስን ስም ጠራች። አቤት ያን ጊዜ! እንባው ገነፈለ። ተናዳበት ይሁን ናፍቃው፣ እሷም አታውቀው።

ጎረቤቷ ካሰች ደረቷን እየደቃች ደረሰች፤ ሰፈሩም ተከተላት። ሸዋዬ ወጥታ ሰው አልሞተም፣ ለቲያትር እየተለማመድኩ ነው ብትል ባሰባቸው። ሐዘኑ አእምሮዋን ነካው ብለው፣ ጨብጠው ይዘው ፍራሽ ላይ አስቀመጧት። የሹፌርን ሞት ለማመን ደግሞ ማን ይቸገራል? የእድሩ ዳኛ አቶ ገብረየስ ጥሩምባ አስነፉ፤ ቀትር ሳይሆን ድንኳን ተተከለ፤ ንፍሮ ተጣደ።

ከሰዓት በኋላ ሞገስ ከነነፍሱ መጣ። ደጁ ላይ ድንኳን! ለቅሶ ቤት ማን ሞተ ብሎ መጠየቅ ነውር ነው፤ አስቀድሞ ይለቀሳል። እሱ ደግሞ ሚስቴ ናት ብሎ ቆርጧል። ጋቢውን ተከናንቦ፣ አንገቱን ደፍቶ ገባና ጮኸ፦

«ሸዋዬ! ቲያትሩን ብትማሪ ምን ይጎዳኝ ነበር! ሂጂ ባልኩሽ ኖሮ!»

ለቀስተኛው ማንነቱን ሳያይ አብሮት አለቀሰ። ድምፁን የለየችው ከውስጥ ሸዋዬ ናት። ከያዟት ሴቶች አምልጣ ድንኳኑ ውስጥ ገብታ ጋቢውን ገለጠችው። ካሰች ራሷን ሳተች። ባልና ሚስት ግን ሰው መኖሩን ረስተው ተቃቅፈው ተላቀሱ።

«ሰምታችኋል፣ ሂጂ ብሏል» አለች ሸዋዬ፣ እንባዋን እየጠረገች።

እሱም ቃሉን ሊያጥፍ አፈረ። አቶ ገብረየስ ግን በዋዛ አልተዉትም። እድሩ ለሞገስ የሚገባውን አልቅሷል፣ ንፍሮውም ተበልቷል፤ ከእንግዲህ ለእሱ ድንኳን አይተከልም ብለው ፈረዱ። ቢለምናቸው፣ ቢያስለምን፣ ወይ ፍንክች!

በማግስቱ ሞገስ ራሱ በጭነት መኪናው ኮሌጁ በር ድረስ አደረሳት። ስትወርድ እጇን ያዝ አደረገና፣

«አደራሽን፣ ጠንክረሽ ተማሪ» አላት። «እንግዲህ የቀረሽኝ አልቃሽ አንቺ ብቻ ነሽ።»