የኦቦ ነገሳ ሸኚ

በጥቅምት፣ የሱሉልታ ሜዳ ሣር ሲታጨድ፣ ኦቦ ነገሳ ማጭድ ይዘው ሲያጎነብሱ የሃምሳ ሰባት ዓመት ሰው አይመስሉም። ጎረቤት ለደቦ ሲሰበሰብ ከመሐል የሚቆሙት እሳቸው ናቸው፤ አጫጁ ሁሉ በሳቸው ዜማ ይሄዳል። ዜማው የሰልፍ ነው። በ1979 ዓ.ም. ለብሔራዊ ውትድርና ተመልምለው ማሠልጠኛ ሳሉ የተማሩት። ግራ፣ ቀኝ፣ ግራ፤ ሣሩም እንደታዘዘ ሁሉ ይተኛል። ባየሁት ቁጥር ይገርመኛል፤ የወታደር ዜማ እንዴት ለከብት መኖ ማጨጃ ሆነ?

ዘንድሮ እሳቸው ማሳ ላይ ደቦ ወጥተን፣ የባጃጅ ሾፌሩ ኢብሳ ስልኩን ሬዲዮ ላይ አድርጎ የሣር ክምር ላይ አስቀመጠው። ሬዲዮው ላይ ብሔራዊ ውትድርና እንደገና ግዴታ ይሁን አይሁን እያሉ ይከራከራሉ።

“ኦቦ ነገሳ፣ አንቱማ ቢጠሩዎት ዛሬም ሮጠው ይገባሉ!” አለ ኢብሳ።

“የሚጠሩትስ አንተን ነው። በእግርህ መሄድ ትማራለህ።”

“እኔማ ጎማ ፈንድቶብኝ ነው የቀረሁት እላለኋ!”

ሜዳው በሳቅ ተሞላ። ከዚያ እንደ ልማዳቸው ትዝታው መጣ። ከከምባታ ከመጣ ልጅ ጋር በአንድ ብርድ ልብስ መተኛታቸው፤ ልጁ ካርቶን ላይ በከሰል እየጻፈ ፊደል ማስቆጠሩ።

“የማላውቀው አገር ሁሉ አንድ ድንኳን ውስጥ ነበር። ሆዴ ባዶ ነው፤ ግን አሥራ ስምንት ዓመቴ ነበር” አሉ፤ ዓይናቸው እንጦጦን አልፎ ሄደ። “ውትድርናው ይመለስ! ልጆቹ ይተዋወቁ።”

ምሳ ይዘው የመጡት አዴ ድንቅቱ ይህን ሰሙ። ሰማንያ ዓመት አልፏቸዋል። አንድ ልጃቸው ኦዳ ከኦቦ ነገሳ ጋር በአንድ ቀን ወደ ሰሜን ጦር ግንባር ዘምቶ እዚያው ቀርቷል።

“ያ ነገሳ” ብለው በኦሮምኛ ጠሩ፣ ሌማቱን አስቀምጠው። “ኦዳ ግን ወዶ ነው የሄደው? ስሙ እንኳ ከተመልማዮቹ ጋር አልተጻፈም ነበር። ትቶኝ ነው?”

ኢብሳ ስልኩን አጠፋ። ኦቦ ነገሳ “አዎ፣ ወዶ ነው” ማለት ይችሉ ነበር፤ እስከ ዛሬ ለጠየቃቸው ሁሉ ያሉት ይህንኑ ነው።

“አልወደደም፣ አዴ” አሉ። “የተጠራሁት እኔ ነበርኩ። ብቻዬን መሄድ ፈርቼ እስከ ከተማው ሸኘኝ አልኩት። ስንቄን ተሸክሞልኝ መጣ። እዚያ ስንደርስ አንድ ምልምል ጠፍቶ ኮታው ጎድሏል። የገበሬ ማኅበሩ ሊቀመንበር ሸኚዬን ይዞ አይፋው የጭነት መኪና ላይ ጫነው። እኔ አንድ ቃል አልተነፈስኩም።”

አዴ ድንቅቱ ወደሳቸው ጠጋ አሉ።

“ሲጭኑት ምን አለ?”

“ጥጃዋን ሳላስር ነው የወጣሁት፣ አስሬያት ልምጣ አለ። ሳቁበት።”

“ጥጃዋ እናቷን ጠብታ ጨረሰቻት” አሉ ቀስ ብለው። “ያን ማታ ላሟን ባልባት ጠብታ ወተት የለም። ‘ቤቱን የማያይ፣ እንደ ወጣህ ቅር!’ ብዬ ረገምኩት። አፌ ነው የበላው እያልኩ ይኸው ኖርኩ።”

ኦቦ ነገሳ ተንበረከኩ። አዴ ድንቅቱ ግን እሳቸውን አላዩም። ጎንበስ ብለው እርጥብ ሣር ነጩ፤ እኛ ዘንድ እርግማን የሚነሣው እርጥብ ሣር ተይዞ ነው። ግማሹን ወደ ሰሜን አዙረው መሬት ላይ አኖሩት።

“እርግማኔን አነሣሁ፣ ኦዳ። ጥጃዋም አድጋ ወልዳለች።”

የቀረውን ሣር ኦቦ ነገሳ እጅ ላይ አስቀመጡ። “አንተን አልረገምኩህም። ይመለስ ስትል ግን ለልጆቹ ይህንንም ጨምረህ ንገራቸው።”

ምሳው ቀዘቀዘ፤ ማንም አልነካውም። ኦቦ ነገሳ ሣሩን እንደጨበጡ ወደ ኢብሳ ዞረው ታሪኩን እንደገና ጀመሩ። በዚህ ጊዜ የጀመሩት ከመንገዱ ነው፤ ኦዳ ስንቅ ተሸክሞ፣ እያፏጨ፣ ከፊት ከፊት ይሄዳል።