የማይመለስ ትሪ

አቶ እንደሻው የኋላሸት ሚያዝያ ፳ ቀን ፳፻፲፯ ዓ.ም. ጠዋት፣ አሰላ ከተማ በሚገኘው ቤታቸው ደጃፍ የሰው ዶሮ አረዱ። ዶሮዋን ያመጡት ጎረቤታቸው አቶ ሁሴኖ ነበሩ።

ሁለቱ ሰዎች በአንድ መሥሪያ ቤት፣ አቶ እንደሻው በንብረት ጠባቂነት፣ አቶ ሁሴኖ በሾፌርነት አገልግለው ጡረታ የወጡ ናቸው። አንዱ ክርስቲያን፣ ሌላው ሙስሊም በመሆናቸው፣ በዚያ ሁሉ ዘመን አንዱ ያረደውን ሌላው ቀምሶ አያውቅም፤ በዚህም ተቀያይመው አያውቁም።

«ለማን ነው?» አሉ አቶ እንደሻው ቢላዋቸውን እየጠረጉ።

«እንግዳ አለብኝ።»

«ክርስቲያን ነው?»

«አዎ። ጠባዩ ግን አስቸጋሪ ነው።»

አቶ እንደሻው ለወዳጃቸው አዘኑ።

ሁሩታ ተወልደው ያደጉት አቶ እንደሻው፣ ከሰው ቤት የመጣን ዕቃ ባዶውን መልሰው አያውቁም። ባለቤታቸው ወይዘሮ ትርፌ በሕይወት ሳሉ ይህ አላስቸገራቸውም፤ ዕቃውን የሚሞሉት ወይዘሮዋ ነበሩና። እርሳቸው ካረፉ ወዲህ ግን አቶ እንደሻው ምግብ መሥራት ስለማይችሉ፣ ጎረቤት የሚልክላቸውን ሁሉ «በልቻለሁ» እያሉ ከደጅ መለሱ። ቀበቷቸው ላይ አዳዲስ ቀዳዳዎች ተበሱ። ውሎ አድሮ ጎረቤቱም መላኩን ተወ። ኩራት ጨዋነት መስሎ ሲገባ ሰውን ብቻውን ያስቀራል።

ከቀትር በኋላ የአቶ ሁሴኖ ባለቤት ወይዘሮ ኢፍቱ በፎጣ የተሸፈነ ትሪ ይዘው መጡ፤ ባላቸውም ተከተሉ። ዶሮዋ በነጭ ሽንኩርትና በጥብስ ቅጠል ታሽታ፣ ከነድንቿ በኦቨን በስላ ነበር።

«በልቻለሁ» አሉ አቶ እንደሻው።

«ውሸታም!» አሉ አቶ ሁሴኖ። «የጠዋቱ እንግዳ አንተ ነህ። ያረድካትም ራስህ ነህ። እኛ አንበላትም፤ ለድመት ልስጣት?»

«ዕቃው እኮ…»

«ጋሽ እንደሻው፣ ትሪው ለዚሁ የተገዛ ነው» አሉ ወይዘሮ ኢፍቱ። «ይህ ሥጋ ነክቶት ወደኛ ቤት አይመለስም። የእርስዎ ነው።»

አቶ እንደሻው እጃቸውን ታጥበው ተቀመጡ። ሰው ብቻውን አይበላምና፣ አቶ ሁሴኖ ዳቦ በሻይ እየበሉ አጠገባቸው ተቀመጡ።

«ጨውስ?» አሉ ወይዘሮ ኢፍቱ። «ቀምሼ አልሠራሁትም።»

«በዝቷል» አሉ አቶ እንደሻው፤ ድንቹን ግን አላስተረፉም።

በሳምንቱ አቶ እንደሻው አንድ አውራ ዶሮና አንድ አዲስ ትሪ ገዝተው ወደ አቶ ሁሴኖ ቤት ሄዱ።

«እረድልኝ» አሉ።

«ለማን ነው?»

«እንግዳ አለብኝ። ጠባዩ አስቸጋሪ ነው።»

አቶ ሁሴኖ ሌላ ነገር ሳይጠይቁ አረዱ። አቶ እንደሻው እዚያው ወጥ ቤት ገብተው ድንች ላጡ። ልጣጩ ወፍራም ስለነበር የተረፈው ድንች ትንሽ ነበር። ወይዘሮ ኢፍቱ ወንበር ላይ ተቀምጠው በቃል ከማዘዝ በቀር እጃቸውን አላስገቡም። ዶሮው በአንድ ጎኑ አረረ።

«ጨውስ?» አሉ አቶ እንደሻው፤ በተራቸው መቅመስ አልቻሉምና።

«የለውም፣ አቦ!» አሉ አቶ ሁሴኖ፤ ያረረውንም ጭምር በሉት።

አቶ እንደሻው የኋላሸት በስልሳ ስምንት ዓመታቸው አንድ ትሪ ዶሮ በድንች ሠርተው ሰው አብልተዋል። ወደ ደጃቸው የሚመጣውንም ምግብ ይቀበላሉ።