ጠጅ በሚወድ ከተማ የይርጋ ባንኮኒ

ወንድሜ ይርጋ ከአዲስ አበባ ጠቅልሎ ሲመለስ ይዞት የመጣው አንድ ሻንጣ ልብስና አንድ ካርቶን ነበር። ካርቶኑን እናታችን ፊት ከፈተው። ውስጡ ክዳን ያላት የብረት መነቅነቂያ፣ ረጅም ማንኪያ፣ ማጥለያና በጋዜጣ የተጠቀለሉ ብርጭቆዎች ነበሩ። እናታችን መነቅነቂያዋን አንስታ አገላብጣ አየቻትና፣

«በዚች ቅቤ ልትንጥ ነው?» አለችው።

ሳቅን። እሱም ሳቀ፤ ግን ከእጇ ተቀብሎ በጨርቅ ወልውሎ ወደ ቦታዋ መለሳት።

ይርጋ አንድ ትልቅ ሆቴል ውስጥ ኮክቴል ሲሠራ ነው የኖረው። ጂኑን ከሎሚ፣ ቮድካውን ከፍራፍሬ ጭማቂ እያዋሐደ ለእንግዳ ያቀርባል። ወደ ወልድያ የተመለሰው ጦርነቱ ካለፈ በኋላ የእናታችን ነገር ስላሳሰበው ነበር። እናታችን ትርንጎ ደግሞ የጠበቀችው ጠጅ ቤቱን እንዲረከባት ነው። እሱ ግን ጠጁን ለእኔ ትቶ፣ ወደ መናኸሪያው በሚወስደው መንገድ ላይ አንዲት ጠባብ ሱቅ ተከራየ። በሩን ሰማያዊ ቀባው፤ እንጨት አስጠርቦ ባንኮኒ ሠራ፤ ጠርሙሶቹን ከኋላው ደረደረ።

ወልድያ ጠጅ ይወዳል። ሠርግም ሐዘንም ያለ ጠጅ አይሆንለትም፤ ቢሮ የዋለውም ከገጠር ለገበያ የወጣውም ማምሻውን ዱካ ስቦ ብርሌውን ይጨብጣል። ጠጅ የማይጠጣው ቢራ ይጠጣል። ይርጋ የሚሠራውን ዓይነት የሚፈልግ ሰው ግን ብዙ አልነበረም፤ የሚፈልግ ቢገኝም የት እንዳለ የሚነግረው አያገኝም።

ሄኖክን ያወቅነው በዚሁ ምክንያት ነው። ሲሪንቃ ላለው የእርሻ ምርምር ተመድቦ ከአዲስ አበባ የመጣ ወጣት ነው። አንድ ቅዳሜ ከሰዓት በኋላ ተናዶም ስቆም ጠጅ ቤታችን ገባ።

«ባለባጃጁን ጥሩ ኮክቴል ቤት ውሰደኝ አልኩት» አለን። «ቀጥታ ጭማቂ ቤት አወረደኝ። ‹ድብልቅ አይደል የፈለግኸው? ስፕሪስ እዘዛ!› አለኝ። ኧረ መጠጥ ያለበት ነው ስለው፣ ‹ታዲያ እንዲህ አትልም!› ብሎ እዚህ አመጣኝ።»

ጋሽ አበባው፣ የድሮ የጭነት መኪና ሾፌርና የቤታችን ነባር ደንበኛ፣ ከጥግ ሆነው፣ «ባለባጃጁ ደግ ሰው ነው» አሉ። «አንድ ቤት ብቻ ነው የተሳሳተው።»

ሄኖክ ወደ እናታችን ዞሮ፣ «እማማ፣ እውነት ኮክቴል የሚባል ነገር በዚህ ከተማ የለም?» ሲል ጠየቃት።

«አለ እንጂ» አለች። «የሚሠራው ልጄ ነው። ወደ መናኸሪያው ስትወርድ ሰማያዊ በር ታያለህ። ሰው የሌለበት ቤት እሱ ነው።»

ሄደ፤ ወደደው። ከዚያ ወዲህ በየቅዳሜው ከሲሪንቃ በሚኒባስ እየመጣ ይርጋ ጋር ይቀመጥ ጀመር። አንድ ቀን ወደ እኛ ጎራ ብሎ እናታችንን፣ «የልጅዎ እጅ የተባረከ ነው» አላት።  ማታ ብርሌዎቹን ስናጥብ እናታችን፣ «እሁድ ከቅዳሴ መልስ ይርጋ ቤት እሄዳለሁ። አንቺ ቤቱን ጠብቂ» አለችኝ።

ይርጋ ይህን ሲሰማ እንደ ሕፃን ልጅ ሆነ። ቅዳሜ ጠዋት መጥቶ ከጋኑ ጠጅ አስቀዳኝ። ፍራፍሬ የሚያመጣለትን የመርሳውን ነጋዴ ኡበይደላን ደግሞ ምርጥ ማንጎ አምጣልኝ ብሎ ለመነው። ኡበይደላ መጠጥ በአፉ አይዞርም፤ ከይርጋ ጋር ግን ወንድማማች ሆነዋል። «እኔ የሸጥኩልህ ማንጎ ነው» ይለዋል ሁልጊዜ። «ከዚያ ወዲያ የምታደርገውን አላየሁም፣ አልሰማሁም።»

በዚያ እሁድ የሆነውን የሰማሁት ከይርጋና ከጋሽ አበባው ነው። እናታችን ነጠላዋን አጣፍታ፣ ጋሽ አበባውን አስከትላ ገባች። ይርጋ ማንጎውን ጨመቀ፤ ሎሚና ትንሽ አረቄ ጨመረበት፤ በላዩ የእናታችንን ጠጅ አፈሰሰ። ከዚያ በፊት ለማንም ያልሠራው፣ ለእሷ ያሰበው መጠጥ ነበር። ክዳኑን ገጥሞ ነቀነቀው፤ በሁለት ብርጭቆ አጥልሎ ቀዳው፤ በየብርጭቆው አፍ ላይ የሎሚ ቁራጭ ሰካ።

«ሎሚው ለብርጭቆው ነው ወይስ ለኔ?» አሉት ጋሽ አበባው።

ይርጋ ሳቀና፣ ብርጭቆውን ነጭ ጨርቅ ላይ አድርጎ እናታችን ፊት አስቀመጠላት። ከዚያ ሆቴል እንደለመደው እጁን ወደ ኋላ አጣምሮ ቆመ።

እናታችን ብርጭቆውን አየችው፤ ቀጥላ እጁን አየችው። ጠበቀች። እሱም ጠበቀ።

«እማ፣ ጠጪው እንጂ።»

«ቆይ፣ ይብረድልኝ» አለች፤ በረዶ እንዳለበት እያየች። ጥቂት ተቀምጣ ስለ ሱቁ ኪራይ፣ ስለ ጣሪያው ጠየቀችው። ከዚያ ተነሣች። ጋሽ አበባውም እሷ ያልነካችውን ሊነኩ አልደፈሩም። ይርጋ ሁለቱን ብርጭቆ እንዳሉ ማጠቢያው ውስጥ ደፋቸው።

እቤት ስትመለስ፣ «እንዴት ነበር?» አልኳት።

«ብርጭቆው ያምራል» አለችኝ።

ይርጋ ሥራውን የናቀችበት መሰለው። ማለዳ ማለዳ እየመጣ ውኃ ይቀዳልናል፣ ጋኑን ያነሣልናል፤ ስለዚያ እሁድ ግን አንድም ቀን አላነሡም። ሁዳዴ እስኪገባ እንዲህ ቆየን።

በጾም እናታችን ጠጅ ትጥላለች እንጂ አትቀምስም። ቀምሼ የምቀዳው እኔ ነኝ። አንድ ከሰዓት በኋላ ለጋሽ አበባው ስቀዳላቸው፣ እንደ ወጉ አስቀድሜ በመዳፌ ጠብ አድርጌ ቀመስኩና ብርሌውን ሰጠኋቸው። ይርጋ አጠገባቸው ተቀምጦ ነበር። እሳቸው ብርሌውን እንደያዙ ዞር አሉበት።

«አየህ? ይቺ ትንሽ ጠብታ ናት እናትህን ያስቀየመችው።»

«የቷ?»

«አልቀመስክላትማ! ደንቆሮ! ከዚህም ከዚያም ጠርሙስ እያነሣህ ትጨምራለህ፣ ከድነህ ትነቀንቃለህ፣ ከዚያ አፍህን ሳታደርግበት እንካችሁ ትላለህ። ከተማው ለምን እንደማይመጣልህ እስከ ዛሬ አልገባህም?»

ይርጋ ደነገጠ። ሆቴሉ ውስጥ አንድ ባልደረባው በእንግዳ መጠጥ ላይ አፍህን አድርገሃል ተብሎ ከሥራ ሲባረር በዓይኑ አይቷል። ለእናታችን ያሰበው ከሁሉ የላቀው አክብሮት መጠጧን አለመንካት ነበር።

«ታዲያ ለምን አልነገረችኝም?» አለ።

«እናት ልጇን ቅመስልኝ ትለዋለች? እንዲያ ካለችህ እኮ ጠረጠርኩህ ማለቷ ነው። የገዛ ልጇን! ዝም ብላ ብትነሣ ይሻላታል።»

እናታችን ጓሮ ጌሾ ታሰጣ ነበር። ይርጋ ብድግ ብሎ ወደ ጓሮው አየ፤ መልሶ ተቀመጠ።

ከዚያ ቀን ጀምሮ ባንኮኒው ላይ እየቀመሰ መቅዳት ያዘ። ሰውም አንድ ሁለት እያለ መምጣት ጀመረ። ለእናታችን ግን ፋሲካን ሊጠብቅ ወሰነ፤ ከጾሙ ሲወጡ በአዲሱ ጠጅ ያንኑ መጠጥ ሠርቶ፣ ፊቷ ቀምሶ ሊሰጣት። ኡበይደላ ማንጎ ሊያወርድ ሲመጣ ይህን ነገረው።

«ፋሲካ? ዛሬ ሂድ እንጂ!» አለው ኡበይደላ። «ማንጎ ጾም አያስፈታም። ያለ መጠጥ ሥራላት፣ ቅመስና ስጣት፣ አለቀ።»

«እንዲያማ ከሆነ ጭማቂ ነው። የራሷ ጠጅ ገብቶበት ነው እንድትጠጣው የምፈልገው።»

«ወላሂ፣ ግትርነት በኪሎ ቢሸጥ አንተን ነበር ጭኜ ወደ መርሳ የምመለሰው።»

ይርጋ አልሰማውም። ለእናታችንም ምንም አላላትም፤ ድንገት ሊያስደስታት ነው ያሰበው። አንድ ጠዋት ውኃውን አስቀምጦ ሊሄድ ሲል፣ «ሥራ እንዴት ይዞሃል?» አለችው። ከዚያ እሁድ ወዲህ ስለ ቤቱ ስትጠይቀው የመጀመሪያዋ ነበር።

«ደህና ነው፣ እማ። ለፋሲካ ትመጫለሽ።»

«እሱ ካለ።»

ሆሳዕና ሳይደርስ የደም ግፊቷ ተነሥቶ ጓሮ ወደቀች። ሆስፒታል ስናደርሳት ዓይኗን ትገልጣለች፤ ንግግር ግን የለም። መዋጥ ስለማትችል ሐኪሞቹ ከአልጋዋ ራስጌ «በአፍ ምንም አይሰጥ» የሚል ወረቀት ለጠፉ። እኔ ከንፈሯን በእርጥብ ጥጥ እነካላታለሁ። ይርጋ እጇን ይዞ ወረቀቱን ያያል። አንዴ ወደ ጆሮዋ ጎንበስ ብሎ ብዙ ነገር አወራት። ሰምታው እንደሆነ እንጃ። አረፈች።

ለፋሲካ የጣለችውን ጠጅ አርባዋን ሊያወጡ የመጡ ሰዎች ጠጡት።

አሁን ባለባጃጆቹ ሰማያዊውን በር ያውቁታል። ከቆቦ የሚመጣ መንገደኛ፣ ለሥራ የሚያድር የቢሮ ሰው፣ ጥሩ ኮክቴል የት አለ ብሎ የጠየቀ ሁሉ ይርጋ ጋር ይደርሳል። ቅዳሜ ቅዳሜ መቀመጫ አይገኝም። ጠጅ ቤቱን እኔ ይዤዋለሁ፤ ይርጋም ማለዳ ውኃ መቅዳቱን አልተወም።

በቀደም ጠጅ ላደርስለት ሄጄ ሄኖክን ባንኮኒው ላይ አገኘሁት። ጋሽ አበባው ነግረውት ኖሯል፤

«ያንን የጠጅና የማንጎውን እስቲ ሥራልኝ» አለው። «ለእማማ የሠራኸውን። ጣዕሙ እንዴት ያለ ነው?»

ይርጋ መነቅነቂያዋን እያጠበ ነበር።

«አላውቀውም» አለ። «አልቀመስኩትም።»

ሄኖክ ወደ እኔ ዞሮ አየ። ከዚያ ጂን በሎሚ አዘዘ።