በእግሬ ልክ የተበየደ ቴላዮ

መቼ እንደሆነ በትክክል አላስታውስም። ድልድዮቹ ሁሉ ክፍት ስለነበሩ ከጦርነቱ በፊት መሆኑን አውቃለሁ። ኸሪፍ፣ የዝናቡ ወቅት ማለት ነው፣ ሊገባ ሲል መሆኑንም አልረሳሁም፤ በእጄ የነበረው ገንዘብ የጣራ ማደሻ ነበርና። ዓመቱን ልናገር ብል ግን እዋሻለሁ። ትምህርቴም ትንሽ ነው፣ ቀን የመያዝ ልማድም የለኝም።

ያኔ የምኖረው ሱዳን፣ ሐጅ ዩሱፍ የሚባል ሰፈር ነበር። አንዲት ክፍል፣ የቆርቆሮ ጣራ፣ በገመድ የተጠለፈ አንድ ዐንገረብ አልጋ። ከዚያ በፊት ለብዙ ዘመን አል-ማንሺያ ውስጥ የአንድ ባለጸጋ ቤት ዘበኛ ነበርኩ። ጥበቃው ሲበቃኝ ሞተር ሳይክል ገዛሁና የራሴን ሥራ ጀመርኩ። ከሰፈራችን በርበሬውን፣ ሽሮውን፣ ኮረሪማውን እጭናለሁ፤ ድልድዩን ተሻግሬ አል-ማንሺያ በየቪላው ተቀጥረው ለሚሠሩት የአገሬ ልጆች አደርሳለሁ። አብዛኞቹ የወሎ ልጆች ናቸው፣ ከግቢም እንደልብ አይወጡም። በር ላይ ክላክስ ሳደርግ እጃቸውን በቀሚሳቸው እየጠረጉ ይመጣሉ። የሚገዙኝ እፍኝ ሽሮ ቢሆን ነው፤ ወሬው ግን ከሽሮው ይበልጣል። የዚያኛዋ ቤት ልጅ ተሻላት ወይ፣ የወዲያኛዋ ወለደች ወይ፣ እመቤቷ ፈቃድ ሰጠቻት ወይ ይሉኛል። እኔም ከአንዱ በር የሰማሁትን ወደ ሌላው በር አደርሳለሁ። በዚያ ሥራ እኮራ ነበር። አሁንም እኮራለሁ።

ችግሩ ከዳሌዬ መጣ። የቀኝ ዳሌዬ ቀስ በቀስ እየደረቀ ሄደና እግሬን አንስቼ በኮርቻው ላይ ማሳለፍ አቃተኝ። ሞተር ላይ ከወጣሁ በኋላ ጎልማሳ ነኝ፤ መሪውም ማርሹም ይታዘዘኛል። መውጣቱ ነው እንጂ። ስለዚህ በየቦታው መወጣጫ አበጀሁ። ቤቴ በር ላይ ድንጋይ አስቀመጥኩ። አል-ማንሺያ ደግሞ አንዲት የወሎ ልጅ የምትሠራበት ቪላ በሩ ላይ ደረጃ አለው። ልጅቱ መሪውን ትይዝልኛለች፣ እኔ ከደረጃው ላይ ሆኜ እሻገራለሁ። በሌሎቹ በሮች ጭራሽ አልወርድም፤ እንደተቀመጥኩ ሸጬ እንደተቀመጥኩ እሄዳለሁ።

አንድ ቀን ድልድዩ አፍ ላይ የትራፊክ ፖሊስ አስቆመኝና፣ "ውረድ፣ ሩኽሳህን አሳይ" አለኝ። ወረድኩ። ፈቃዴን አየ፣ የሞተሩን ቁጥር አመሳከረ፣ "ተማም፣ ያላ ሂድ" ብሎ መለሰልኝ። መሄድ ግን የት አለ! ድልድዩ ላይ ድንጋይ የለም፣ ደረጃ የለም። እግሬን ባነሳ፣ ባነሳ አልሆነም። ፖሊሱ መጀመሪያ ሳቀ፣ ቀጥሎ አዘነ፣ ቀጥሎ መኪና ሲበዛበት ረሳኝ። ሞተሩን ከነጭነቱ በዚያ ፀሐይ እየገፋሁ ድልድዩን ተሻገርኩ። ከአንድ ግንብ ጥግ ስደርስ በላዩ ላይ ሆኜ ወጣሁ።

ይህን ለዚያች ለወሎ ልጅ ነገርኳት።

"አባባ፣ አንድ ቀን በመኪና መሀል ይወድቃሉ" አለችኝ። "ወላሂ ይተውት። ረክሻ ይግዙ። ሦስት ጎማ አለው፣ እንደ ወንበር ይቀመጡበታል።"

"ረክሻ ስንት እንደሆነ ታውቂያለሽ?"

"እሱስ ውድ ነው።"

"ውድነቱ ይቅር። ረክሻ ይዤ ብወጣ ሰው ሁሉ እያስቆመ 'ሱቅ ውሰደኝ' ይለኛል። በርበሬዬን መቼ ላድርስ?"

"እንዲያውስ ሞተሩን ስለሚወዱት ነው" አለችና ሳቀች። እውነቷን ነበር።

ኦምዱርማን ከተማ ስላለው በያጅ የሰማሁት ከዚያ በኋላ ነው። ገበያው ጀርባ አንድ ኡስታ፣ የእጅ ባለሙያ ማለት ነው፣ አለ፤ ለጎረምሶች እንደ ልካቸው ቴላዮ ይሠራል አሉኝ። ቴላዮ የሞተሩ አጥንት ነው። ሞተሩን፣ ኮርቻውን፣ ሁለቱን ጎማ ይዞ የሚቆመው ብረት እሱ ነው፤ ሱዳኖቹ ሻሲ ይሉታል። ጎረምሶቹ የፋብሪካውን አውጥተው ይጥሉና በራሳቸው አምሮት ያስበይዳሉ፤ አንዱ አንገቱ የተመዘዘ፣ አንዱ ወገቡ የረዘመ፣ አንዱ መሬት ሊነካ የደረሰ። "ለጌጥ ነው" ይሉ ነበር ሽማግሌዎቹ። እኔ ግን ለጌጥ የሚታጠፍ ብረት ለእግሬስ ለምን አይታጠፍም ብዬ አሰብኩ።

የወሎዋ ልጅ የዕረፍት ቀኗ ስለነበር አብሬዎት እሄዳለሁ አለች። አውቶቡስ ላይ ተሳፍረን ሄድን። ኡስታው ሆዱ የወጣ፣ ጺሙ በብየዳ ፍንጣሪ የተለበለበ ሰው ነው። ነጭ ጠጉሬን ሲያይ "ማርሐባ ያ ሐጅ" አለኝ። ክርስቲያን ነኝ ብዬ አላረምኩትም፤ እዚያ አገር ሽበት ያለው ሁሉ ሐጅ ነው።

የምፈልገውን በዐረብኛ ነገርኩት። መሀሉ ዝቅ ያለ፣ እግሬን ሳላነሳ በፊት ለፊት የማልፍበት። አልሳቀም። ከአጠገቡ የቆመውን የአንድ ጎረምሳ ሞተር በእጁ እየዳሰሰ ያስረዳኝ ጀመር።

"መሀሉን ሳወጣ ጉልበቱን ነው የማወጣው። ያንን ጉልበት ከሥር መመለስ አለብኝ፤ ሁለት ቱቦ ከሞተሩ በታች ይሄዳል። የቤንዚኑ ሰልባቲዮ ቦታ ስለሚያጣ ከኮርቻው ሥር አዲስ እሠራለሁ። በውሃ ቱቦ ሥራልኝ ካልከኝ በርካሽ እሠራልሃለሁ፤ ጉድጓድ ውስጥ ስትገባ ይሰበርና ትረግመኛለህ። በወፍራሙ ቱቦ ከሆነ እኔም አንተም እንሞታለን፣ እሱ ይቀራል።"

ዋጋውን ሲነግረኝ ልጅቱ "ያ ሰላም!" ብላ ጮኸች። ለአጥንቱ ብቻ የጠየቀኝ ሙሉውን ሞተር ስገዛ ከከፈልኩት ይበልጣል።

"ያ ኡስታ፣ በዚህ ዋጋ ሌላ ሞተር ይገዛል እኮ" አልኩት።

"ይገዛል። ልትወጣበት ትችላለህ?"

በእጄ ያለው የጣራዬ ገንዘብ ነው። ጣራው ኸሪፍ በገባ ቁጥር ያፈሳል፤ ዐንገረቤን ከጥግ ወደ ጥግ እየጎተትኩ ነው የምተኛው። አዲስ ቆርቆሮ ላለብሰው ነበር ያጠራቀምኩት። ቆሜ አሰብኩ። ጣራው ቢያፈስ የሚረጥበው አንድ ሽማግሌ ነው። ሞተሩ ቢቆም ግን ያ ሁሉ በር ክላክስ ሳይሰማ ይቀራል። ልጅቱ "ያስቡበት" እያለች እጅጌዬን ስትጎትት "ኸላስ፣ አለቀ፣ በወፍራሙ ሥራው" አልኩ።

ልክ የመውሰድ ነገር መጣ። እኔ ሜትር የሚያወጣ መስሎኝ ነበር። እሱ ግን ቀይ ጡብ አመጣና በፊቴ መሬት ላይ አስቀመጠ።

"ተሻገር ያ ሐጅ።"

ተሻገርኩ። በላዩ ሌላ ጡብ ጨመረ። ተሻገርኩ። ሌላ ጨመረ። እግርህ እምቢ የሚልበት ቦታ ድረስ ነው፣ ቴላዮው ከዚያ በታች ይታጠፋል አለኝ። ለካስ ለጎረምሶቹም እንዲሁ ነው፤ ዐንገረብ ላይ አስቀምጦ፣ እጅ አስዘርግቶ፣ ሰውየውን ራሱን ነው የሚለካው። በወረቀት የመጣ ልክ አይቀበልም።

ጎረምሶቹ ሥራቸውን ትተው ከበቡን። አንዱ "ያላ ያ ሐጅ፣ ጎል ነው!" ይላል። ሌላው ያጨበጭባል። ጡቡ ወደ ጉልበቴ ሲቃረብ ዳሌዬ ቆረጠኝ። ማቆም ነበረብኝ። ግን በዚያ ሁሉ ጎረምሳ ፊት እንዴት ብዬ? ፊቴን ሳልቀይር የሱሪዬን ጨርቅ ከጭኔ ላይ ጨብጬ እግሬን በእጄ አነሳሁት። አለፍኩ። አጨበጨቡ። ኡስታው አንድ ጨመረ፤ በሱሪዬ ጎትቼ ያንንም አለፍኩ። ከዚያ በኋላ "ይበቃል፣ ደከመኝ" አልኩ፤ ደከመኝ ማለት አልቻልኩም ከማለት ይሻላል። ኡስታው የጡቡን ቁመት በኖራ ግድግዳው ላይ ምልክት አደረገ።

ልጅቱ ታየኝ ነበር።

አውቶቡስ ጋ ልንደርስ ስንል "ውይ፣ ጠርሃዬን ረሳሁት" አለች። ጠርሃ ሴቶቹ የሚከናነቡት ሻሽ ነው። "እዚህ ጥላው ሥር ይቆዩ አባባ፣ መጣሁ" ብላ ተመለሰች። ቆየት ብላ ተከናንባ መጣች። እኔም ስትሄድ በራሷ ላይ ሌላ ነገር መኖር አለመኖሩን አላስተዋልኩም። ሐሳቤ ጣራዬ ላይ ነበር።

ሞተሩን በማግስቱ በጭነት መኪና ወሰድኩለት። ከጥቂት ቀን በኋላ ልየው ብዬ ስሄድ ተበታትኗል። ኡስታው በጨርቅ የተጠቀለለ ብረት በእጄ ላይ አስቀመጠልኝ፤ መሪው የሚገባበት የድሮው ቴላዮ አንገት ነው።

"ቁጥሩ እዚህ ላይ ነው የተመታው። ፖሊስ የሚያየው ይህንን ነው። ሌላው ሁሉ አዲስ ይሆናል፣ ይህ ግን አይለወጥም፤ አዲሱን ከዚህ ላይ ነው የማበቅለው። ቱቦውን አጥፌ እስክጨርስ ቤትህ አስቀምጠው፣ እዚህ ብረት ይጠፋል።"

ያንን ብረት እንደ ሕፃን አቅፌ አውቶቡስ ላይ ወጣሁ። አጠገቤ የተቀመጡ ሴትዮ "ምንድነው?" ሲሉኝ "ሞተሬ ነው" አልኳቸው። ራቅ ብለው ተቀመጡ። ኡስታው እስኪጠራኝ ድረስ ከትራሴ ሥር ነበር።

በመካከሉ ኸሪፍ ገባ። ጣራዬም እንደ ልማዱ አፈሰሰ። ዐንገረቤን ስጎትት አልተበሳጨሁም ብል ማን ያምነኛል? ግን እውነት ነው።

ያለቀ ቀን የወሎዋ ልጅ ሥራ ስለነበራት ብቻዬን ሄድኩ። ሞተሬ ፀሐይ ላይ ቆሞ ሳየው መጀመሪያ የሌላ ሰው መሰለኝ። ከአንገቱ የወረዱት ሁለት ቱቦዎች ወደ መሬት ዝቅ ይሉና ከሞተሩ ሥር አልፈው ከኮርቻው በታች ቀና ይላሉ፤ መሀሉ እንደ ጀልባ ሆድ ነው። ብየዳውን በጣቴ ዳሰስኩት፤ አንድም ጎርባጣ የለውም። ቀለሙ አረንጓዴ፣ እኔው የመረጥኩት። ጎረምሶቹ ከበውት ነበር። አንገቱ የተመዘዘ ሞተር ያለው አንዱ ልጅ፣ "ያ ሐጅ፣ በኔ ቀይረኝ" አለኝ።

"ያንተ ላይ ለመውጣት መሰላል ያስፈልገኛል" አልኩት። ሳቁ።

ሁሉም ያየኛል። መሪውን ያዝኩ። በልቤ ያቺን የመጨረሻ ጡብ እያሰብኩ ሱሪዬን ልጨብጥ እጄን ላክሁ። ግን አላስፈለገም። እግሬ የቤቴን ደፍ እንደሚሻገር አለፈ። ተቀመጥኩ። ወረድኩ። እንደገና ወጣሁ። ማንም አልያዘልኝም፣ ድንጋይ የለም፣ ደረጃ የለም። ደጋግሜ ስወጣና ስወርድ እንደ ልጅ ነበርኩ፤ አላፈርኩም።

ትንሽ ቆይቶ አንድ ነገር ከነከነኝ። ወደ ግድግዳው ሄጄ የኖራውን ምልክት አየሁት። ቴላዮው ከምልክቱ በብዙ ይወርዳል።

"ያ ኡስታ፣ ልኬን ስተሃል፤ ከለካኸኝ ዝቅ ብሏል" አልኩት።

ኡስታው ሆዱን ይዞ ሳቀ። "እኔ ልክ አልስትም። ልጅህ ተመልሳ መጥታ ነበር። 'ሁለት ጡብ ቀንስ' አለችኝ። 'በሱሪው ጎትቶ ነው ያለፈው፣ ሁልጊዜ ደጃችን ላይ እኔ ነኝ የማወጣው፣ እግሩ የት እንደሚደርስ አውቃለሁ' አለች። 'እንዳትነግረው፣ ያፍራል' ብላኝ ነበር፤ አሁን ከወጣህበት በኋላ ምን ታፍራለህ?"

ጎረምሶቹ ሲስቁ አብሬ ሳቅሁ። እሷ ባትመለስ ያ ሁሉ ገንዘብ፣ ያ ሁሉ ብየዳ፣ የማልወጣበት የሚያምር ብረት ሆኖ ይቀር ነበር። የእግሬን ልክ ከኔ ይልቅ ታውቀው ነበር፤ ክብሬንም አልነካችብኝ።

ከኦምዱርማን በራሴ ሞተር ተነስቼ፣ በድልድዩ ላይ ከአውቶቡሶቹ ጎን ጎን እየነዳሁ ቀጥታ አል-ማንሺያ ሄድኩ። የቪላው በር ላይ ክላክስ አደረግሁ። እንደ ልማዷ መሪውን ልትይዝልኝ እጇን ዘርግታ ወጣች። እኔ ግን ደረጃውን ትቼ መንገዱ መሀል ቆሜ ወረድኩላት፤ መልሼም ወጣሁ።

"ጠርሃሽን አገኘሽው?" አልኳት።

ፊቷን በሻሿ ሸፈነች። "ኧረ ኡስታው! ወላሂ ምላሱ ይቆረጥ!" አለችና እስክታለቅስ ሳቀች።

ስለዚያ ቴላዮ ሰው በጠየቀኝ ቁጥር የሠራው ኡስታው ነው እላለሁ፤ ቀለሙን የመረጥኩት እኔ ነኝ እላለሁ። ልኩን የሰጠችው ግን በአል-ማንሺያ ባለ ደረጃው ቪላ የምትሠራው፣ "አባባ" የምትለኝ ያቺ የወሎ ልጅ ናት።