ኮከብ ያልወጣለት ቁጥር

ዓለምፀሐይ ጡረታ እስክትወጣ ሃያ ስድስት ዓመት የይፋትን ቆላ ቤት ለቤት እየዞረች መጠይቅ ስታስሞላ የኖረች ሴት ናት። ሸዋ ሮቢት ዙሪያ ደጃፉ ላይ ቆማ ያልጠየቀችው ቤት ጥቂት ነው።

ባለፈው ጥቅምት፣ ሥራውን ራሷ ያስተማረቻትና ዛሬ የጥናት ክፍል ኃላፊ የሆነችው ትዕግሥት ወረቀት ይዛ ቤቷ መጣች።

«እትዬ፣ የቀበሌዎቹን ስም እስቲ ይዩልኝ» አለቻት።

ሠንጠረዡ በበጋ ውኃ ፍለጋ ከአንድ ሰዓት በላይ የሚሄዱ ቤተሰቦችን ያነጻጽራል። የጣርማ በር ደጋ አርባ በመቶ፣ የቀወት ቆላ ሃምሳ ዘጠኝ። በሌሎቹ ረድፎች ከአንዳንዱ ቁጥር ጎን፣ ልዩነቱ እንዲያው በአጋጣሚ ይመጣል ተብሎ እንደማይታሰብ የሚያመለክት ኮከብ አለ፤ እዚህ ግን የለም። ከሥሩ «በቆላና በደጋ መካከል ልዩነት የለም» ይላል።

ዓለምፀሐይ መነጽሯን አወለቀች። የድሮ አለቃዋ፣ የአሊዩ አምባው ጋሽ ከቢር ትዝ አሏት። ሥራ በጀመረች ሰሞን ከሁለት ጆንያ ማሾ እፍኝ እፍኝ አስዘግነዋት፣ የነቀዘውን አስቆጠሯት። ከአንዱ በዛ፣ ከሌላው አነሰ። «ጆንያው ነው የተለያየው ወይስ እጅሽ?» አሏት። ደጋግማ ስትዘግን ቁጥሩ ሲዋዥቅ ዋለ፤ በቁና ሲሰፍሩት ግን ረጋ። ያን ጊዜ እሷና ጋሽ ከቢር ወደ ቆላው የሚወስደውን ቁልቁለት በእግር ይወርዱት ነበር፤ በየደጃፉም የእንስራ ውኃ ይቀርብላቸው ነበር።

«ቆላ ስንት ቤት ጠየቃችሁ?»

«ሃያ ሁለት። ወንዙ ሞልቶ መጠይቅ የሚያስሞሉት ልጆች መሻገር አቃታቸው።»

«ደጋስ?»

«አራት መቶ።»

«እንግዲያ ኮከብ አለመውጣቱ ልዩነት የለም ማለት አይደለም። ከሃያ ሁለት ቤት ይህን ያህል ብልጫ እንዲያው በአጋጣሚም ይመጣል። ‹ገና አላወቅንም› በይ።»

ትዕግሥት ትንሽ አፈረች። «አውቀው ነበር እኮ፣ እትዬ። ጥድፊያ ነው» ብላ ዐረፍተ ነገሩን ሰረዘችው።

ኅዳር ላይ ወንዙ ሲጎድል ቆላ ላይ ሁለት መቶ ቤት ተጠየቀ። ዓለምፀሐይ ጉልበቷን እያመማትም የመጀመሪያውን ቀን አብራ ወረደች። አንዲት ባልቴት «አንቺ ዛሬም አልተውሽንም?» ብለው በርጩማ አወጡላት። እሷ በርጩማው ላይ ተቀምጣ፣ ወጣቶቹ ያንኑ የድሮ ጥያቄ ሲጠይቁ ሰማች።

አዲሱ የቆላ ቁጥር ወደ ሃምሳ ሁለት ወረደ፤ የተጠየቀው ቤት ግን በዝቷልና ኮከቡ ወጣለት። ትዕግሥት ሠንጠረዡን ስታመጣላት ዓለምፀሐይ የቀበሌዎቹን ስም በጣቷ እየተከተለች ጮክ ብላ አነበበች፤ በየስሙም ላይ፣ እዚያ የምታውቀው ሰው እንዳለ ሁሉ፣ ጥቂት ትቆም ነበር።